ለአንድ ጥርስ ሃያ ዶላር

የልጄ የመጀመሪያ ጥርስ የተነቃነቀው በ2020 ኦክቶበር ላይ ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ስለተዘጋ አንደኛ ክፍልን የምትማረው ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ሆና ነው። ጥርሷን በምላሷ እየገፋች ለላፕቶፑ ካሜራ ታሳያለች፤ ከወዲያ ያሉት ልጆችም ባዶ ድዳቸውን ያሳዩአታል። በዚያ ዓመት ከእኩዮቿ ጋር የነበራት ጨዋታ ይኸው ብቻ ነበር።

ኮሎምበስ ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ዲቪ ሲደርሰኝ የባለቤቴ ጉዳይ ተለይቶ ቀረና እኔና ልጄ ብቻችንን መጣን። እዚህ ሆኜ እንደገና አመለከትኩለት። ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ሲል ኤምባሲው ቀጠሮ መስጠት አቆመ። ይህን ለስድስት ዓመት ልጅ እንዴት እንደማስረዳ አላወቅኩም። «አባቢ መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ «ቲኬቱ ውድ ነው፤ ገንዘብ ስናጠራቅም ይመጣል» አልኳት። ውሸት ነው። ግን የሚገባት ውሸት ነበር፤ ዝም ያሰኛትም ነበር።

እዚህ አገር ቱዝ ፌሪ የሚሏት አለች። ሕፃን የወለቀ ጥርሱን ትራሱ ሥር አድርጎ ሲተኛ ክንፍ ያላት ትንሽ ፍጥረት መጥታ ጥርሱን ትወስድና ገንዘብ ትተውለታለች ይባላል። በቤታችን ክንፍ ያለው ከመላእክት ሌላ አናውቅም። ልጄ ግን ከክፍሏ ልጆች ሰምታለች። አንዱ ልጅ ሃያ ዶላር አገኘሁ ብሏል።

«ማሚ፣ ለእኔ ሃው መች ታመጣለች?»

«እንጃ» አልኳት። እውነትም አላውቅም ነበር።

ከከተማው ዳር፣ ኦቤትስ የሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ከሰዓት በኋላ እየገባሁ ዕቃ እለቅማለሁ። በዕረፍት ሰዓት፣ በሁለት ሜትር ርቀት ተቀምጠን፣ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳውን የአገሬን ልጅ ጠየቅኩት።

«ሃያ?» አለ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ድፍን አፍ ጥርሴን በነፃ ነው ጣሪያ ላይ የወረወርኩት። ቁራው ሳንቲም ሊሰጠኝ ቀርቶ ዞር ብሎም አላየኝ።»

«ቀልዱን ተወውና ስንት ላድርግላት?»

«ለመጀመሪያው አምስት፣ ከዚያ አንድ አንድ። እኔ ለልጆቼ እንደዚያ ነው የማደርገው። እህቴ፣ አደራሽን ዋጋ እንዳታስወድጂ፤ የእኔዎቹ ከሰሙ ደመወዜ አይበቃም።»

ምክሩ ልክ ነበር። አልሰማሁትም። ልጄ ከማርች ወዲህ የሌላ ልጅ እጅ ይዛ አታውቅም። በዚህ እንኳ ከሰው ልጅ አታንስብኝ አልኩ። ጥርሷ ቅዳሜ ምሽት ወለቀ፤ በናፕኪን ጠቅልላ ትራሷ ሥር አስገባችው። እንቅልፍ ሲወስዳት ጥርሱን አውጥቼ ሃያ ዶላር አስቀመጥኩ። ስጸልይ ያንን ጉዳይ ዘለልኩት።

ጠዋት ብሩን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ቤታችን ውስጥ እንዲያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ሁሉም ነገር በዙም ነበርና አምልኮው እስኪጀመር ብሩን ይዛ ክፍሉን ዞረችው።

«ምን ልግዛልሽ?» አልኳት።

«ኖ። አስቀምጠዋለሁ።»

አሻንጉሊት እንኳ አልጠየቀችኝም። ጌታ ሆይ፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ሰጠኸኝ ብዬ አመሰገንኩ።

ሥራ ስገባ ልጄን የሚይዙልኝ ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው ካናል ዊንቸስተር ቤት ገዝቶ ሲሄድ እዚሁ ልቅር ብለው የቀሩ ናቸው። መጋዘን ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ሎከር ውስጥ እንተወዋለን። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ዕረፍት ወጥቼ ስልኬን ሳይ እትዬ ሰባት ጊዜ ደውለዋል። መልሼ ደወልኩ።

«አትደንግጪ» አሉኝ።

«ምን ሆነች?»

«አፏ ደምቶ ነው። አሁን ቆሟል፤ ቆሟል እኮ ነው የምልሽ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ዝም ስትልብኝ ብገባ ጥርሷን በክር አስራ፣ ክሩን ደግሞ ከበሩ እጀታ ጋር! ክሩን ከእኔው የመርፌ ሳጥን ነው የወሰደችው። የኔ ጥፋት ነው ልጄ፤ ዓይኔን ትንሽ ከደን ባደርግ ነው።»

«ወለቀ?»

«የት ይወልቃል! ያልተነቃነቀ ጥርስ እኮ ነው። ድዷን ነው የቆረጠችው።»

አለቃዬ ሂጂ አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቀም። በ270 አውራ ጎዳና ስነዳ ልጸልይ ብዬ ከ«ጌታ ሆይ» በላይ ቃል አላገኘሁም።

ልጄ ሶፋው ላይ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። እትዬ ከአጠገቧ ተነሡና «እኔ ልውጣ፤ አትቆጫት» ብለው ሄዱ።

አፏን ከፍቼ አየሁ። ከታች፣ ከወለቀው ጥርስ ቀጥሎ ባለው ሥር ክሩ ድዷን ቆርጦታል። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጬ አጉመጠመጥኳት።

«ለምን?» አልኳት።

ፎጣውን መልሳ አፏ ላይ አደረገች።

«አልቆጣሽም። ለምን?»

«አባቢን ለማምጣት።» ከዚያ እኔ ያልገባኝ መሰላትና በትዕግሥት አስረዳችኝ። «ቲኬቱ ውድ ነው አልሽ። ፌሪ ለአንድ ጥርስ ሃያ ሰጠችኝ። ናይንቲን ሞር አሉኝ። ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ውሸት የዋሸኋት እኔ ነኝ። አንዱን ዝም ለማሰኘት፣ አንዱን ለማስደሰት። እሷ ደግሞ ሁለቱንም አምና ገጣጠመቻቸው።

እኔ ባደግኩበት ቤት ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ አይጠይቅም። አጠያየቁንም አላውቅበትም ነበር።

«ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። «ሃያውን ዶላር እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ፌሪ የለችም። አባቢም በቲኬት አይደለም የቀረው። ቲኬቱን እንገዛለን። ፈቃድ የሚሰጠው ኤምባሲ ሥራ አቁሟል። ይቅርታ።»

ፎጣውን ከአፏ አወረደችው።

«ሶ ብሩ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ከዌርሃውስ?»

«አዎ።»

«ኤምባሲው መቼ ነው የሚከፍተው?»

«አላውቅም።»

«ማን ያውቃል?»

«ጌታ ያውቃል።»

«ለምን አይነግረንም?»

«እኔም እጠይቀዋለሁ» አልኳት። ለልጄ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ ከዚህ የበለጠ እውነት የለም።

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለድዷ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ጥርስ ይዛ ዕቅድ ነበራት፤ አሁን ግን እንደ እኔ ባዶ እጇን የምትጠብቅ ሆነች። አቅፌያት ከማልቀስ በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ከላይ የእትዬ እግር ወዲህና ወዲያ ሲል ይሰማኛል፤ ግን አልወረዱም። አባቷ ያለበት አገር ሌሊት ስለሆነ አልደወልንም። በዚያ ሰዓት በዓለም ላይ ሁለታችን ብቻ ያለን መሰለኝ።

ብዙ ቀን ስለ አባቷ አልጠየቀችኝም። ስልክ ሲደውል «ሃይ አባቢ» ብላ ታቀብለኛለች። ሃያውን ዶላር ቦርሳዬ ውስጥ መልሳ ከትታው አገኘሁት። ለባለቤቴ የሆነውን ስነግረው ከወዲያ ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለኝ። እያለቀሰ እንደሆነ ገባኝ፤ አላወቀብኝም እንዲል ስለ አየሩ አወራሁለት። ልጄ እኔን አለመጠየቋ ግን ከሁሉ የባሰ ነበር። ከቁጣዋ ይልቅ አላምንሽም ማለቷን ፈራሁ። እንድታምነኝ ጸለይኩ፤ ሌላ ነገር መለመን ትቼ እሱን ብቻ።

ቁስሏ በሳምንት ዳነ። ጌታ ይመስገን፣ ጥርሱም ጠንካራ ሆኖ ቆየ።

ቤተ ክርስቲያን በአካል ከተመለስን በኋላ አዲስ የመጡ እናቶች ለጥርስ ስንት እንደሚያስቀምጡ ይጠይቁኛል። አንድ ዶላር እላቸዋለሁ። «ውይ፣ ቆጣቢ ነሽ!» ብለው ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ያ በክር ያሰረችው ጥርስ በራሱ ጊዜ የወለቀው በክረምቱ መጨረሻ፣ በረዶው ፓርኪንጉ ዳር ጠቁሮ በተከመረበት ሰሞን ነው። እሁድ ነበር። ዕቃ እያጠብኩ ሳለ መጥታ አጠገቤ ቆመች። መዳፏን ከፈተችው። ትራስ ሥር አላስቀመጠችውም።

«ከአንቺ ስንት ነው?» አለችኝ።

«አንድ ዶላር።»

«ሁለት።»

«አንድ።»

«ማሚ፣ ደም እኮ አለው!»

«አንድ ነው ያልኩሽ።»

ሳቋን ልትይዝ ሞከረች። እጄን ጠራርጌ አንድ ዶላር ከቦርሳዬ አወጣሁና ሰጠኋት። ጥርሱን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ሳትሄድ፣ ብሩን እያጣጠፈች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ኤምባሲው ከፈተ?»

«ገና ነው።»

«ሲከፍት ትነግሪኛለሽ?»

«በዚያው ቀን።»

«ኦኬ» አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። እኔ ውሃው እንደተከፈተ ትንሽ ቆሜ፣ እንደገና ስለጠየቀችኝ አመሰገንኩ።