ድንበር የገፋው እንግዳ

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከመካነ ብርሃን ገጠር መጥቶ ጎንደር፣ አዘዞ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረ። በሬዎቹን ሸጦ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ነው የመጣው። ሳይቋጭ የቀረው ነገር ቢኖር ከጎረቤቱ ጋር የነበረው ክርክር ነው። ጎረቤቱ በየዓመቱ ሲያርስ ድንበሩን ትንሽ ትንሽ እየገፋ የአባቴን ማሳ ሲሶ ያህል ወስዶበታል። ሽማግሌ ፊት ቀርቦም ክዷል።

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ያ ጎረቤቱ አባቴ አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ሆዱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆስፒታል መውጣቱ ነው። ስፌቱ ሳይደርቅ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ አገሩ እንዳይሄድ ከልክለውታል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ ዘመድ የለውም። አባቴ ሌላ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጦ ቢያገኘው በባጃጅ ይዞት መጣ።

አባቴን ወደ ኩሽና ጠራሁት።

«ምነው አባባ፣ እሱን?»

«ታሟል።»

«ይቅር አልኸው ማለት ነው?»

«እንጃ። ሳየው አሁንም ደሜ ይፈላል። የእኔ ሆድ እስኪሽር ብጠብቅ ግን ሰውየው ደጅ ማደሩ ነው።»

ከዚያ በኋላ አባቴ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ መተኛት ጀመረ። ሐኪሞቹ እንቁላልና ወተት አዘው ነበር፤ እንግዳው ግን በጾም አልቀምስም አለ። አባቴ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ጠይቆ ተመለሰና «ለታመመ ተፈቅዷል፤ ብላ» አለው። እኔ ሥራ ስውል እንቁላሉን የሚጠብሰው ራሱ ነበር። መጥበሻ ይዞ አያውቅም፤ የመጀመሪያዎቹን አሳርሯቸዋል። እሱ ራሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም ሽታው እንዳያስጎመጀው መስኮቱን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ያማስላል።

እንግዳው ቀና ብሎ መቀመጥ ሲጀምር አንድ ጠዋት እኔም ባለሁበት አባቴን ጠራው።

«አያ፣ መሬቱን ልመልስልህ። የወሰድሁትን ሁሉ። ልጅህ ትመስክር።»

«አሁን አልቀበልህም» አለው አባቴ።

«ምነው አያ?»

«አሁን ቤቴ ተኝተህ የእኔን እህል እየበላህ ነው። በዚህ ሁኔታህ የምትሰጠኝን ብወስድ እኔም ቀማሁህ ማለት ነው። መጀመሪያ ድነህ አገርህ ግባ። መሬቱን ሽማግሌ ፊት እጠይቅሃለሁ።»

ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያፈረም፣ የተቀየመም ይመስል ነበር። እኔ ተናደድሁ፤ አባቴ እጁ የገባውን ነገር የጣለ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ይህንኑ ነገርሁት።

«መሬቱን ተውሁት መቼ አልሁ?» አለኝና መንገዱን ቀጠለ።

እስከዚያ ድረስ ፍቅርና ፍትሕ በየስብከቱ የምሰማቸው ቃላት ነበሩ። አባቴ አንዱን ለሌላው ብሎ አልጣለም። ሰውየውን ማስታመሙንም፣ ሐቁን መጠየቁንም እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ያያቸው ነበር፤ የትኛውም ደስ ሲያሰኘው አላየሁም።

እንግዳው ከፋሲካ በኋላ አገሩ ገባ። ክረምቱ ሳይገባ እኛም ሄድን፤ ሽማግሌዎች ማሳው ዳር ተቀመጡ። ሰውየው ደህና ሆኗል፤ መከራከርም ጀመረ። «ማሳውን እስከሚያቋርጠው ቦይ ያለውን እመልሳለሁ፤ ከቦዩ ወዲያ ያለው ግን የእኔም አባት ያርሰው የነበረ ነው» አለ። የሚመልሰው ከወሰደው ግማሽ ያህሉን ነው። አባቴ የተመለሰለትን ተቀበለ፤ የቀረውንም እንደሚጠይቅ ሽማግሌዎቹ ፊት ተናገረ። ከዚያ ሰውየው ቤቱ ጋበዘንና ምሳ በላን።

አሁን አልፎ አልፎ በስልክ ይገናኛሉ። አባቴ በመጀመሪያ ስለ ጤናው ይጠይቀዋል፤ ጠባሳው ያሳክከው እንደሆነ፣ እህል ይስማማው እንደሆነ። ቀጥሎ ስለ መሬቱ ያነሣበታል። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ተራ በተራ ይቆጣሉ። ስልኩን ሲዘጋ አባቴ ዳዊቱን አንሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል።