ነጩን ሰሌዳ የያዙ እጆች

ካዛንቺስ በነበረው ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ካሜራ አልነካሁም። ደንበኛ የሚነሳበት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ መርዕድ ፊቴ ላይ መብራት ያበራሉ፣ ያጠፋሉ፤ እኔን ላብ ያጠምቀኛል።

«ማንሳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መነሳትን ይቅመሰው» አሉኝ።

ሁለት ዓይነት አበራር ነበራቸው፤ ለሁለቱም ስም አውጥተውላቸዋል። አንዱ «ቀትር» ነው። ጀርባው ነጭ፣ መብራቱ ከግራም ከቀኝም ሆኖ፣ ከሥር ደግሞ ብርሃኑን ወደ አገጭ የሚመልስ ነጭ ሰሌዳ ይደረጋል። ፊት ላይ ጥላ አይቀርም። ሌላው «ምሽት» ነው። ጀርባው ጥቁር መጋረጃ፣ መብራቱ አንድ ብቻ፣ እሱም ከጎን። ግማሹ ፊት ይታያል፣ ግማሹ ይጠፋል።

እኔ ወዲያው የምሽት ወዳጅ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ኩራትም ነበረበት። ቀትርን ማንም ያነሳዋል፣ ምሽት ግን የባለሙያ ነው ባይ ነበርኩ። ከረዳትነት ወደ አንሺነት ባደግኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የቢሮ ኃላፊ በምሽት አነሳሁ። ሰውዬው ፎቶውን ሲረከቡ ወደ መስኮቱ ወስደው አዩትና «ያን ዕለት መብራት ጠፍቶባችሁ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ጋሽ መርዕድ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሽ መርዕድ ጡረታ ሲወጡ፣ ሰፈሩም ሲፈርስ፣ እኔ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የራሴን ትንሽ ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ጥቁሩን መጋረጃ ይዤ ነው የሄድኩት።

አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ መጡ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ የሰፈሩ የሴቶች እድር ሰብሳቢም ናቸው። ሳቃቸው ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሲስቁ ግን ሁልጊዜ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።

«ልጄ፣ የለቅሶዬን ፎቶ አንሳኝ» አሉ።

ደነገጥኩ። «ምነው እትዬ፣ አመምዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬን ቀበርን። ድንኳኑ ውስጥ የሰቀሉት ፎቶ ከመታወቂያዋ ላይ ተወስዶ እንዲተልቅ የተደረገ ነው። ልትጣላ የመጣች ነው የምትመስለው። ያቺ ሴት እኮ ዕድሜ ልኳን ስታስቀን የኖረች ናት። አንዳንዱ ለቀስተኛ ድንኳን ተሳስቻለሁ ብሎ ሊመለስ ነበር። እኔ እንደዛ አልሰቀልም፣ በቃ።»

ልጃቸው ትዕግሥት በሩ ላይ ቆማለች። «ሟርት ነው እኮ! ማለቴ፣ በቁሙ ያለ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እማዬ፣ እንሂድ» ትላለች። እናትየው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ለለቅሶ ከሆነ ምሽት ነው አልኩ በልቤ። ጥቁሩን መጋረጃ ዘረጋሁ፣ አንዷን መብራት ከጎን አደረግኩ። እትዬ አስካለ ከንፈራቸውን ገጥመው ተቀመጡ። ፎቶው አማረ። ራሴን ላሞግስና በጣም አማረ።

በሦስተኛው ቀን ትዕግሥትን አስከትለው ፎቶውን ይዘው ተመለሱ። «ሥራህ ጥሩ ነው» አሉ። «ሴትዮዋ ግን ማን ናት?»

ቀጠሉ፦ «እኔ ገና አልሞትኩም፣ አንተ ግን አልቅሰህ ጨርሰሃል።»

ተናደድኩ። ሙያዬን የነኩብኝ መሰለኝ። እንግዲያው ቀትር ይሁንልዎት ብዬ ነጩን ጀርባ አወረድኩ፣ ሁለቱንም መብራት አበራሁ። ወሬ አመጣሁ፤ ሳቁ፤ ነጠላው ወደ አፍ ሄደ። እንደገና ሳቁ፤ እንደገና ነጠላ። «እጅዎን ያውርዱልኝ» ስላቸው ያወርዱና ሳቁም አብሮ ይወርዳል። ከአሥር ጊዜ በላይ አነሳሁ። ነጠላ ነው ያነሳሁት።

አገጫቸው ሥር ጥላ ስለነበረ ነጩ ሰሌዳ አስፈለገኝ። መቆሚያው እግሩ ተሰብሯል።

«እትዬ፣ ይቺን ሰሌዳ ጭንዎ ላይ አድርገው በሁለት እጅዎ ይያዙልኝ። ፎቶው ውስጥ አትገባም። ብቻ እንዳትጋደል።»

እንደ እድር ዕቃ አጥብቀው ያዟት። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ወጣ።

ይሄኔ ያኮረፈችው ትዕግሥት ከበሩ ላይ ሆና «እማዬ፣ ሰው ማዘዝ ብቻ ነበር የምታውቂው። ዛሬ ታዘዝሽ» አለች።

እትዬ አስካለ በሳቅ ፈነዱ። እጃቸው ወደ ነጠላው ሊሄድ ሲል ሰሌዳዋ ተጋደለች። «ሰሌዳዋን!» አልኩ። እጃቸው ተመለሰ፣ ሳቁ ግን አልቆመም። አነሳሁ።

ወዲያው በኮምፒውተሩ ላይ አሳየኋቸው። ዓይናቸው ሊጨፈን ደርሷል፣ አፋቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከላይ አንድ የፊት ጥርስ የለም። ነጠላው ሲሸፍን የኖረው እሱን ነበር።

«ከፈለጉ ጥርሱን በኮምፒውተር እሞላዋለሁ» አልኩ ቀስ ብዬ።

መልሱን የሰጠችኝ ትዕግሥት ናት። መቼ ከበሩ ተነስታ አጠገባችን እንደደረሰች አላየኋትም። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እንዳትነካው» አለችኝ። ወደ እናቷ ዞረች። «ጥርስሽ እኔ ሳልወለድ ነው የወለቀው አይደል? እማዬ፣ ሳቅሽን ስሰማ ነው ያደግኩት። አይቼው አላውቅም ነበር።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ማንሳት ጀምረው መሃል ላይ ተዉት። «ተዋት እንግዲህ፣ እንዳለች ትታተም» አሉኝ። የዚያን ቀን ደስታዬን እስከ ዛሬ በሥራዬ አላገኘሁትም።

ፎቶው ለለቅሶው ቀን ተብሎ ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ ነበር። ትዕግሥት ሳሎን ሰቀለችው። እትዬ አስካለ በየዓመቱ ይመጣሉ። «ዘንድሮም ሳልሞት ቀረሁ፤ ያኛው ፎቶ ልጅ አድርጎኛልና አድስልኝ» ይላሉ። መቆሚያው ከተጠገነ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ሳይታዘዙ ሰሌዳዋን አንስተው ይቀመጣሉ።

ታሪኩን ለጋሽ መርዕድ ስነግራቸው «ቀትር ከባድ መሆኑን ለማወቅ ይሄን ያህል ዓመት ፈጀብህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ምሽትን ዛሬም እወደዋለሁ፤ ለሚሆነው ሰው አነሳበታለሁ። ሥራውን አዲስ ለሚጀምር የምነግረው ግን አንድ ነገር ነው። መብራትህን ከማቆምህ በፊት የተቀመጠው ሰው በእጁ ምን እንደሚሸፍን እይ።