ጊታሬን ከበሩ ውጭ ያቆሙት ሬዲዮ ጠጋኝ

ሬዲዮ ጠጋኙ ካሴታችንን እስከ መጨረሻው ሰምተው ቴፑን አጠፉና፣ «ስንት ሰው ነው የሚጫወተው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አራት ነን ጋሼ።»

«እኔ የሰማሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ጊታሩን።»

ጊታር ተጫዋቹ እኔ ስለነበርኩ ምስጋና መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጂንካ ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በግብርና ጽሕፈት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ እሠራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ በከተማው ኪነት ቡድን ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። ድራም የሚመታው ከጎፋ በኩል የመጣ አናጢ ነው፤ ከበሮውንም እንደ ሚስማር ነበር የሚመታው። ዘፋኛችን በጤና ጣቢያው የምትሠራ፣ ከከተማው በላይ ካለው ከገዘር የመጣች ልጅ ነበረች። አምፕሊፋየራችን በመኪና ባትሪ ይሠራል። ሬዲዮ ላይ የምንሰማቸውን ትልልቅ ባንዶች ለመምሰል ያለንን ሁሉ እናስጮህ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ደግሞ የእኔ ጊታር ነው።

ለክፍለ ሀገሩ የኪነት ትርዒት ለመመረጥ ካሴት ቀርጸን ልከን ነበር። «የቡድኑ ድምፅ ተለይቶ ስለማይሰማ በድጋሚ ተቀርጾ ይላክ» ከሚል ደብዳቤ ጋር ተመለሰልን። ከተማው ውስጥ ስለ ቴፕ የሚያውቁት ሬዲዮ ጠጋኙ ብቻ ስለነበሩ ካሴቱን ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ከወላይታ የመጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ።

«እቀርጽላችኋለሁ» አሉኝ። «ግን ማን የት እንደሚቆም፣ ማን መቼ እንደሚጫወት የምናገረው እኔ ነኝ። ይህን የማይቀበል ካለ ከአሁኑ ይንገረኝ።»

ሁላችንም ተቀበልን።

የገበሬ ማኅበሩን የእህል መጋዘን ለምነው አስፈቀዱ። ግማሹ በበቆሎ ጆንያ የተሞላ ነበር፤ ጆንያ ድምፅ ይውጣል አሉ። ማይኩ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ መጨመርና መቀነስ የሚቻለው ሰውን በማቅረብና በማራቅ ነበር። አናጢውን ጥግ ላይ አስቀምጠው እስከ ደረቱ በጆንያ ከበቡት። የቤዙን ድምፅ ማውጫ መሬት ላይ አስተኙት። ከዚያ ለእያንዳንዳችን መቆሚያ በጠመኔ ወለሉ ላይ አሠመሩ። የእኔን ብፈልግ አጣሁ።

«የእኔስ የት ነው?»

በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። መስመሩ ከደፉ ውጭ፣ ደጃፉ ላይ ነበር።

ደሜ ፈላ። ያለ እኔ ባንድ የሚባል ነገር የለም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ጊታሬን አንሥቼ ሄድኩ፤ ሦስት ቀንም ልምምድ አልመጣሁም።

በአራተኛው ቀን ዘፋኛችን ቢሮዬ መጣች። ሳትቀመጥ፣ «ወደ ቱርሚ ጤና ጣቢያ ተዛውሬአለሁ» አለችኝ። «ደብዳቤው ዛሬ ደረሰኝ። ሃያ አራት ቀን ነው ያለኝ።»

«በጣም አዝናለሁ» አልኳት።

«እንድታዝንልኝ አይደለም የመጣሁት። ሳልሄድ ይህ ካሴት ማለቅ አለበት። ቅዳሜ ገዘር እንሄዳለን፤ ጋሼም ይመጣሉ። ጊታርህን እንዳትይዝ።»

እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት እሷ ወጥታ ነበር።

ቅዳሜ በጠዋት ዳገቱን ይዘን ወጣን። የእሷ አጎት ግቢ ስንደርስ ሰባት ሰዎች ተሰብስበው ጠበቁን። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የቀርከሃ ዋሽንት ይዘዋል፤ ረጅም አለ፣ አጭር አለ። አንዱ ዋሽንት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። መጫወት ሲጀምሩ ግን ዜማው ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ግቢውን ሞላው። ብቻውን ዜማውን የያዘ ሰው አልነበረም።

አጎትየው የራሳቸውን ዋሽንት ለእኔ ሰጡኝ። በማይሆን ቦታ ነፋሁ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ደግሜ ነፋሁ፤ አሁንም ቀድሜ ነበር። አጎትየው በአገሬው ቋንቋ፣ በአሪኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ።

«የሚያስቸኩልህ ነገር አለ ወይ ነው የሚሉት» ብላ ተረጎመችልኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ከሞከርኩ በኋላ ተራዬን ያዝኩ። ወደ ከተማ ስንወርድ ጋሼ ከጎኔ እየተራመዱ፣ «እንዴት አድርገህ ያዝከው?» አሉኝ።

«ከእኔ በፊት የሚነፋውን ሰውዬ መስማት ነበረብኝ። እሱን ካልሰማሁ ይጠፋኛል።»

«ጊታሩንም እንደዚያ ሞክርልኝ» አሉ። ሰኞ ልምምድ ቦታ ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነበር። በየቀኑ ከቢሮ ወጥተን ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ድረስ አንድ ዘፈን ብቻ እንለማመዳለን። ዘፈኑ ስለ በቆሎ እሸት የሚናገር፣ ዘፋኛችን ራሷ የደረሰችው ነበር። ጋሼ ከእኔ ጨዋታ ላይ በየቀኑ አንድ ነገር ያነሳሉ። ከላይ እስከ ታች ስሮጥበት የነበረው ጊታር በመጨረሻ፣ ስንኙ ሲያልቅ የምመልስላት አራት ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀረ። እነዚያን አራት ድምፆች በቦታቸው ማስቀመጥ ግን ከዚያ በፊት ከተጫወትኩት ሁሉ ይከብድ ነበር። ጣቶቼ መሄድ ለምደው ነበርና ማቆሙ አቃታቸው።

እሷንም አልተዉዋትም። ስትዘፍን ድምፅዋን ታንቀጠቅጥ ነበር።

«ይህን ከማን ተማርሽው?» አሏት።

«ከሬዲዮ።»

«ሬዲዮ እኔ ቤት ሞልቷል። ማሳው ማዶ ያለች እህትሽን እንዴት ነው የምትጠሪያት?»

አፈር እያለች በአሪኛ ተጣራች። ድምፁ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጋሼ ማይኩን ከፊቷ አንሥተው ሁለት እርምጃ አራቁና፣ «አማርኛውንም እንደዚሁ» አሏት። የአማርኛ አነጋገሯ የገዘር እንደሆነ ያስታውቃል፤ እሷ ልትደብቀው ትለፋ ነበር። «አትደብቂው» አሏት።

የቀረጻው ቀን እሑድ ነበር። ገና እንደጀመርን አውሮፕላን መጣ። ማረፊያው ከተማው መሃል ስለሆነ አርፎ፣ አራግፎ፣ ተነሥቶ እስኪሄድ ጠበቅን። ቀጥሎ ዝናብ መጣ፤ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ እንኳ መደማመጥ አልቻልንም። እኔ ደጃፉ ላይ ጆንያ ተከናንቤ ቆየሁ። ጋሼ ለቴፑ የገዙትን አዲስ የባትሪ ድንጋይ ኮት ኪሳቸው ውስጥ እንደያዙት ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ይዘገያል፤ ኋላ ሲሰሙት ድምፁ ቀጥኖና ፈጥኖ ይወጣል። ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አልከተቱትም።

ዝናቡ ሲያቆም ጀመርን። በመጀመሪያው ሙከራ ላይ አናጢው ፈጠነ። በሁለተኛው የዘፋኛችን ትንፋሽ አጠረ። በአምስተኛው እኔ ቀድሜ ገባሁ። ጋሼ አልተቆጡም፤ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሰው «እንደገና» ይላሉ። በዘጠነኛው ላይ ማንም አልተሳሳተም። ቁጭ ብለው ሰሙት፤ እኛ ፊታቸውን እናያለን። ቤዙ ከታች ይሄዳል፣ ከበሮው ከሩቅ ይመታል፣ እሷ መሃል ላይ ትጣራለች፣ እኔም ከማሳው ማዶ እመልስላታለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የባንዳችንን ድምፅ ሰማሁ።

«ሌላ ዘፈን አላችሁ?» አሉን።

ካሴቱ ተላከ፤ እሷም በጭነት መኪና ወደ ቱርሚ ሄደች። ከአንድ ወር በኋላ እንደተመረጥን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ጋሼ አብረውን እንዲሄዱ ብንፈልግም ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከለከላቸው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው በቤተ ክርስቲያን ስልሳ ሰው ያለበትን መዘምራን ያሠለጥኑ እንደነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በመንግሥት ሲታሸግም እሳቸው ጥቂት ወራት ታስረው እንደነበር ነገሩኝ። ስልሳውን ያለ ማይክ፣ በማቅረብና በማራቅ ብቻ ያስተካክሏቸው ነበር።

«እዚያ ማን ያቆመናል?» አልኳቸው።

«አንተ ታቆማቸዋለህ» አሉኝ።

ወደ ትርዒቱ ስንሄድ ዘፋኛችንን ወይጦ ላይ መንገድ ዳር አገኘናት፤ የሦስት ቀን ፈቃድ ወስዳ በከብት መኪና መጥታ ነበር። አዳራሹ ስንደርስ የድምፅ ሠራተኛው አራት ማይክ ሰጠንና ሁሉንም ከፍ አደረገው። ለሙከራ ስንጫወት የተመለሰብን የመጀመሪያው ካሴታችን ድምፅ ራሱ መጣ።

«ሦስቱን አጥፋልን» አልኩት።

«ሁሉም በአራት ነው የሚጫወተው።»

«እኛ በአንድ ነው።»

አለቃውን ጠራ። አለቃው «በኋላ አልተሰማንም ብላችሁ እንዳትከሱን» አለኝ። አንከስም አልኩ። አናጢውን ከመጋረጃው ጀርባ አስገባሁ፣ የቤዙን ድምፅ ማውጫ መሬት ላይ አስተኛሁ፣ እኔ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆምኩ። ሕዝቡ ሊሰማን ዝም ማለት ነበረበት፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስንደርስ ዝም አለ።

ካሸነፉት ውስጥ አልገባንም። ጂንካ ስንመለስ ጋሼ ስለ ውጤቱ አልጠየቁኝም። «ቤዙ ተሰማ?» ነው ያሉኝ።

«ተሰማ።»

«እሷ መቼ ነው ቀጣዩ ፈቃዷ?»

ለመስከረም ነው አልኳቸው። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያውን አወረዱ፤ እስከ መስከረም ያሉትን እሑዶች አብረን ቆጠርንና፣ በዚያው ሳምንት በሁለተኛው ዘፈን ላይ ልምምድ ጀመርን።