በእኔ ቃል ሳይዘራ የቀረ መሬት

ከኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሥራ ፈታሁ። ፈታሁ ስል ቁጭ አልኩ ማለቴ አይደለም፤ ወረታ ውስጥ ከአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ እመዝን ነበር። አቧራው ጉሮሮዬን ዘግቶት ከሰው ጋር የማወራው እየሳልኩ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አጥኚዎች የአካባቢውን ገበሬ የሚያውቅ የመስክ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ የሰማሁትም እዚያው ነው። ሄጄ ተመዘገብኩ፤ በሳምንቱ ጠሩኝ።

ጥናቱ እስከዚያ ድረስ ካየኋቸው ሁሉ የተለየ ነበር። እኛ ስንማር የአፈር መምህሩ ስለ አፈር፣ የከብት መምህሩ ስለ ከብት ብቻ ነበር የሚነግሩን። እነዚህ ግን የውሃ፣ የአፈር፣ የከብት፣ የጤናና የማኅበረሰብ ጥናት ሰዎች ሆነው በአንድ መኪና ተጭነው መጡ። የያዙት ጥያቄም አንድ ነበር፤ ሩዝ የፎገራን ሜዳ ጠቅልሎ ሲይዘው ጎርፉ ወዴት ይሂድ፣ ከብቱ ምን ይጋጥ፣ ሰዉስ በዚህ አያያዝ እስከ መቼ ይኖርበታል? ገንዘቡን የመደበው መንግሥት ነው፤ ለአራት ዓመት። ከምርምሩ ጋር ትምህርትም ነበረበት። ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ከገበሬው ጋር እንዲውሉ፣ ገበሬውም በአቅራቢያው ወዳለው ትምህርት ቤት እየመጣ እንዲማር፣ እንዲያስተምርም። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። የተማርኩት ነገር ለአንድ ቁም ነገር ሊውል ነው አልኩ።

ሙከራው ወረታ አጠገብ ካለችው ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ነው የተጀመረው። አምስት ገበሬዎች በቀበሌዋ ከሚያልፈው ወንዝ ዳር ያለውን መሬታቸውን ሩዝ ሳይዘሩበት ሣር እንዲያለሙበት ታሰበ። ውሃው ሲሞላ ሣሩ ላይ ተኝቶ ረጋ ይላል፣ ከብቱም መኖ ያገኛል ነው ነገሩ። እነሱ ለሚያጡት ሩዝ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ መኖ፣ ለሌላው ማሳቸውም ምርጥ ዘር ይሰጣቸዋል። እነዚህን ገበሬዎች አግባብቶ ማምጣት የእኔ ሥራ ሆነ።

አራቱ ብዙም አላስቸገሩኝም። አምስተኛው፣ የወንዙ ዳር ሰፊው ማሳ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ካልገቡበት ሙከራው ከመሀሉ ይበጠሳል። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ስደርስ የደብሩ መምሬም አብረዋቸው ተቀምጠው ነበር።

«የማን ነው ገንዘቡ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«የመንግሥት ነው፣ አባቴ።»

«እንደ ሌላው እርዳታ ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞ የሚጠፋ አይደለም?»

«አይደለም። ለአራት ዓመት የተያዘ ነው። የመንግሥት በጀት ከመንገድ አይቀርም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ማንም በል ብሎ አልላከኝም። ከራሴ አፍ ነው የወጣችው።

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «መሬቱ ሲያርፍ እኛ ምን ልንበላ ነው?» አሉ። መምሬው መቋሚያቸውን ያሻሉ። ሽማግሌው ደጅ ወደታሰሩት ላሞቻቸው ዞር አሉ። ሦስት የፎገራ ላሞች ነበሯቸው፤ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ከአባታቸው ዘር የወረዱ።

«እኔ ልጅ ሳለሁ ይኼ ሜዳ ሣር ነበር» አሉ። «ላሞቹ ሆዳቸው ድረስ ገብተው ነው የሚግጡ። አሁን የሩዝ ገለባ እያላመጡ አጥንታቸው ወጣ። እሽ ልጄ፣ አንች ካልሽ ይሁን። ያገር ልጅ ነሽ፣ አታታልይኝም።»

የመጀመሪያው ዓመት አማረ። ሣሩ ያዘ። ክረምቱ ሲገባ ውሃው እዚያ ላይ ተኛ፤ ከበላይ ያለው ሩዝም ከወትሮው ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከውሃ ወጣ። አጥኚዎቹ ከወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት የብረት መለኪያ ተከሉ። ጠዋት ጠዋት ውሃው የደረሰበትን ልክ የምትመዘግበው የሽማግሌው ልጅ ነበረች። ትምህርቷን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ቤት የቀረች ናት። ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ከጉያዋ ትይዘዋለች። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጥተው ሲጠይቋት ከእኔ የበለጠ አስረዳቻቸው። የውሃው ባለሙያ፣ የጥናቱ መሪም እሱ ነው፣ «ይህችን ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅ እናስገባታለን፣ የትምህርቱ ክፍል በጀት አለው» አለ። አባቷ ሰምተው ኖሮ ሲሸኙን ከመኪናው ድረስ መጡ።

በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ መኖው መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ደወልኩ። «በጀቱ አልተለቀቀም እንጂ ይለቀቃል» አለኝ መሪው። አገሩ ሰላም አልነበረም። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ ስልኩም እንደዚያው። ግንቦት አጋማሽ ላይ ወረታ ወዳለችው ቢሯችን ደብዳቤ መጣ። ሦስት መስመር ናት። ለዘላቂ ልማት ምርምርና ትምህርት የተመደበው ገንዘብ ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ስለዞረ ጥናቱ እንዲቆም ትላለች። ደግሜ አነበብኳት። ስለ ሣሩም፣ ስለ ገበሬዎቹም፣ ስለ ልጅቱም የምትለው አልነበራትም።

መሪው በስልክ ለመነኝ። «አሁን ብትነግሪያቸው ሁሉም ያርሱታል፤ የአንድ ዓመት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። እኔ አዲስ አበባ እየተሟገትኩ ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሽኝ።» ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር።

ታገስኩ። ለእሱ ብዬ ብቻ ግን አይደለም። እውነቱን ከተናገርኩ ወደ ጆንያው ልመለስ ነው፤ ያንንም አስቤ ነበር። ደግሞም «አይቀርም» ያልኩት ነገር ሲቀር ከሰው ፊት መቆም አስፈራኝ።

ሰኔ ገባ። ሜዳው ላይ ሩዝ ይዘራል። አራቱ ገበሬዎች ማንንም ሳይጠይቁ የሣሩን መሬት ገለበጡት። ሽማግሌው ግን ወረታ ገበያ መጥተው ከመንገድ አገኙኝ።

«ልጄ፣ ጎረቤቶቼ አረሱት። እኔስ ምን ላድርግ?»

ደብዳቤው ከቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«ትንሽ ይታገሱ፣ አባቴ» አልኳቸው።

«እሽ» ብለው ሄዱ። ከአምስቱ ቃላቸውን የጠበቁት እሳቸው ብቻ ሆኑ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ መሪው ደውሎ ነገሩ እንደተዘጋ፣ ቢሮውንም እንድናስረክብ ነገረኝ። በማግስቱ በባጃጅ እስከ ጭቃው ሄድኩ፣ ከዚያ በእግሬ። ሽማግሌው ላሞቻቸውን ከደረቅ ቦታ ሊያስሩ ሲሞክሩ አገኘኋቸው። ቁሜ ነገርኳቸው። ገመዱን እንደያዙ ሰሙኝ።

«መቸ ሰማሽ?» አሉ።

ዛሬ ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። «ግንቦት» አልኩ።

ባለቤታቸው ከበር ቆመው ሰምተዋል፤ ተመልሰው ገቡ። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ወጥታ ነበር፤ ለማን እንደምትሰጠው ጠየቀችኝ። የሚቀበላት እንደሌለ ስነግራት ደብተሩን መልሳ ከላስቲኩ ከተተችው።

«ሰኔ ላይ ብትነግሪኝ እኮ እዘራው ነበር» አሉ ሽማግሌው። ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ዘሩም፣ ጊዜውም አለፈ። ሂጅ እንግዲህ፣ ዝናቡ ሳይዝሽ።»

የዚያ ዓመት ውሃ የከፋ ነበር። የሚያረጋጋው ሣር ታርሷል፤ የቀረው የሽማግሌው ቁራሽ ብቻውን ምንም ማድረግ አልቻለም። ሌላው ማሳቸው ላይ የነበረው ሩዝ ሰምጦ ከረመ። ውሃው ሲሸሽ የወንዙን ዳር መሬት አሜኬላ ወረሰው፤ እሾሁ ከብት የማያስጠጋ፣ ሥሩ ገበሬ የሚያማርር አረም ነው። ጥቅምት ላይ ጓያ ሊዘሩበት ቢሞክሩ ከአሜኬላው የተረፈው መሬት ለአንድ ጆንያ የሚበቃ አልሆነም። በበጋው ሁለቱን ላሞች ሸጡ። ወረታ ከብት ተራ ላይ ሲነዷቸው አይቻለሁ፤ ከአንድ ሱቅ ገብቼ እስኪያልፉ ተደበቅሁ።

ልጅቱ ከፋሲካ በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ወደ መተማ ወረደች። ለሰሊጥ አረማ ነው የሄደችው ተባለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሻይ ቤት ትሠራለች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ የሚያወራ ሰው አላጋጠመኝም። አባቷ እግራቸውን ያማቸው ጀመር፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ለሁለት ሳምንት ሰንብተው ተመለሱ። ያንን የነገሩኝ መምሬው ናቸው። የምሠራበት መፈልፈያ ቤት የደብሩን ሩዝ ይዘው ሲመጡ አገኙኝ፤ እኔም ወደ ጆንያዬ ተመልሼ ነበር።

«ስላንች ክፉ አይናገርም» አሉኝ ስለ ሽማግሌው። «ስምሽንም አይጠራም።»

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች አጥኚዎች መጡ። መኪናቸው ሌላ፣ ሰዎቹም ሌሎች ናቸው፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ውሃውን፣ ከብቱንና ሰውን አጣምሮ ማጥናት፣ ገበሬውን ማስተማር፣ የወንዙን ዳር ማሳረፍ። አሁንም ገንዘቡ ከመንግሥት ነው። ቦታውን ታውቃለች ብለው እኔን ፈለጉኝ። ቀን ቀን ላስጎበኛቸው ተስማማሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ከዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የአጥኚዎቹ መሪ ወጣት ሴት ናት፤ ጥሩ አድርጋ ተናገረች፤ ሥራዋን የምትወድ ሰው መሆኗ ያስታውቃል። ስትጨርስ አንድ ገበሬ ተነሣና «ገንዘቡ ቢቋረጥስ?» አለ።

«ለሦስት ዓመት የተያዘ ነው» አለች።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን ዞረ። ተነሣሁ።

«ሊቋረጥ ይችላል» አልኩ። «ያኔም ተቋርጧል። መቋረጡን እያወቅሁ ዝም ብዬ ሰው ጎድቻለሁ። ጥናቱ ውሸት አልነበረም፤ ሣሩ ውሃውን አርግቶ ነበር፣ ሁላችሁም አይታችኋል። ገንዘቡ ግን በእኔም በእነዚህም እጅ አይደለም። ይህን አውቃችሁ ወስኑ።»

መምሬው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሁለቱ አጉረመረሙ፤ ቀስ በቀስ ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ ተበተነ። ለሙከራው የፈረመ አልነበረም። ሽማግሌውም በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና አላሉም። መሪዋ ከመኪናው አጠገብ «ከእኛ ጋር ምን ጠብ አለሽ?» አለችኝ። ጠብ እንደሌለኝ ላስረዳት ጀመርኩ፣ አልጨረስኩም። ጥለውኝ ሄዱ። እስከ አስፓልቱ በእግሬ ወጣሁ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ለወንዙ የሚተውለት መሬት የለም። ሩዙ እስከ ወንዙ ገደል አፋፍ ይዘራል። እውነቱን በመናገሬ ከዕዳ የወጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ግን ያ እውነት ራሱ ሌላ ሰው እንዳይሞክር አደረገ።

ባለፈው ክረምት ወንዙ ዳሩን ከነሩዙ ናደው። ውሃው ከቤት ገብቶ ብዙ ቤተሰብ ወረታ ካለ ትምህርት ቤት ተጠለለ። መፈልፈያ ቤቱ የሰጠውን ሩዝ ይዤ ከሌሎች ጋር ሄድኩ። ሽማግሌው ከአንድ ክፍል ጥግ፣ ከተደረደሩ ወንበሮች ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ተኝተዋል። ሰላምታ ሰጥቼ ልመለስ ስል ጠሩኝ።

«አንች ልጅ፣ አንች ተምረሻል፤ ይኼ ውሃ መቸ ይሸሻል?»

«አላውቅም፣ አባቴ» አልኩ።

ጋቢያቸውን ሰበሰብ አድርገው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እንግዲያስ ተቀመጭ» አሉ።

ተቀመጥኩ። በመስኮቱ በኩል ዝናቡ ይታይ ነበር።