ባሂራ ያለዘበችው ቃል

ባሂራ የተወለደችው ከቆሼ ወዲህ ባለች የማረቆ መንደር ነው፤ ያገባችው ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ መስቃኖች መንደር። መንደሮቹ ስለ መንገድም ስለ ግጦሽም ሲመክሩ ሽማግሌዎቹ የሆዳቸውን የሚናገሩት በየራሳቸው ቋንቋ ስለነበር፣ ሁለቱንም አጣርታ የምታውቀው ባሂራ መሀል ተቀምጣ የአንዱን ቃል ለሌላው ታደርስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች።

የጋራ ምንጫቸው በደረቀ በሁለተኛው ዓመት የውሃ ሥራ ሰዎች መጡ። ሁለቱ መንደሮች በአንድ ቦታ ተስማምተው ከፈረሙ ጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቆፈርላቸው ተናገሩ። ባሂራ ደስ አላት። ውሃ ፍለጋ ከአህያ ኋላ ግማሽ ቀን መሄዱ ወገቧን ጨርሶት ነበር።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተደረገ። ከባሏ መንደር ሀጂ ዑመይር፣ ከትውልድ መንደሯ አቶ አምሀ ነበሩ ተናጋሪዎቹ። ጉድጓዱ በማን በኩል ይሁን ሲባል ነገሩ ከረረ። ሀጂ ዑመይር፣ እነሱ ደጅ ጀሪካን ይዤ ከምሰለፍ በውሃ ጥም ብሞት ይሻለኛል አሉ። ባሂራ ወደ አቶ አምሀ ዞራ፣ ሀጂ መንገዱ ለሴቶቹ እንዳይርቅ ይሰጋሉ አለች። አቶ አምሀ የመለሱት ከዚያ የባሰ ነበር፤ እሱንም አለዝባ አደረሰችው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰኞ ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ።

አንድ ወጣት ግን ስብሰባውን በስልኩ ቀድቶት ኖሯል። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ላልመጡትም ይድረስ ብሎ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ቡታጅራ የሚሠሩ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰሙ ልጆች አዳመጡትና የተባለውን እንደተባለ ከሥሩ ጻፉበት።

ሰኞ ባሂራ ስትገባ ሰላምታዋን የመለሰላት ጥቂት ሰው ነው። አቶ አምሀ በቁጣ አልጠየቋትም።

«ባሂራ፣ ያን ዕለት ሀጂ ያሉትን ድገሚልን። ልክ እሳቸው እንዳሉት።»

ሀጂን አየቻቸው። መሬት መሬት ያያሉ። ደገመችው። ቀጥለው ሀጂ የአቶ አምሀን ቃል ጠየቁ፤ እሱንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

«ስንት ዘመን ነው እንዲህ ስታደርጊ የኖርሽው?» አሉ ሀጂ።

«ካገባሁ ጀምሮ። እንዳላችሁት ባደርሰው ኖሮ አንድ ቀንም አብራችሁ አትቀመጡም ነበር።»

በመንገዱም በግጦሹም የተስማሙት በዚሁ ዘዴ መሆኑን አንድ ሰው እንኳ ያነሳል ብላ ጠበቀች። ያነሱትስ አነሱት፤ ግን ያኔ ስለ ግጦሹ በትክክል ምን ብለውን ነበር፣ ስለ መንገዱስ፣ እያሉ ነው። ሲመሽ ሳይፈርሙ ተበተኑ።

የመቆፈሪያው መኪና ወደ ሌላ ቀበሌ ሄደ። መንደሮቹ ለየብቻቸው ማመልከቻ አስገቡ፤ እስካሁን መልስ የለም። ባሏ ሙባሪክ አንዴ ብቻ፣ ምን ጥልቅ አደረገሽ አላት። ስብሰባ የጠራትም የለም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወንድሟ ሞተና ወደ ትውልድ መንደሯ ለቅሶ ሄደች። ከድጄ የምትባለው የወንድሟ ሚስት በር ላይ ተቀበለቻት። «አላህ ያጽናሽ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ» አለቻት፤ ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ እንደሚባለው፣ በአማርኛ። ባሂራ በእናቷ ቋንቋ መለሰችላት። ከድጄ አሁንም በአማርኛ ውሃ ላምጣልሽ ወይ አለቻት። የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጣሉ።

«አይ፣ አልጠማኝም» አለች ባሂራ፣ እሷም በአማርኛ።