እናቴ ሳትሰማ ልንሸጠው የነበረው ቤት

ደላላ አልወድም። ድሮም አልወድም፣ አሁንም አልወድም። የእናቴን ቤት ለመሸጥ ስንነሳ ለወንድሜ መጀመሪያ የነገርኩት «ደላላ የሚባል ሰው እዚህ ግቢ ድርሽ እንዳይል» ብዬ ነው። የኮሚሽኑ ነገር ብቻ አልነበረም። ጠዋት ለደላላ የነገሩትን ማታ ፒያሳ በሙሉ ይሰማዋል፤ እኛ ደግሞ ወሬው እናታችን ጆሮ እንዳይገባ ነበር ጭንቃችን።

ሐኪሙ ውጤቷን የነገረው ለእኛ ብቻ ነው። ካንሰር ነው። ውጭ ሄዳ ብትታከም ተስፋ እንዳለው፣ እዚህ ግን እምብዛም እንደሆነ አስረዳን። እኛም እንደ ሰዉ ሁሉ ደበቅናት፤ «ጨጓራ ነው፣ ይድናል» አልናት። የሕክምናውን ወጪ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበረን፤ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለው፣ ከአባቷ የወረሰችው ቤት። ልንሸጠው ነው ብንላት ለምን ብላ በሽታዋን ልትደርስበት ነው። ስለዚህ ሳትሰማ ሸጠን ልናሳክማት ወሰንን። ውክልናውንም «ለጡረታሽ ጉዳይ ነው» ብለን ልናስፈርማት አሰብን። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ቤቱን በቴሌግራም አስነገርኩ። ገዢ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ «እናቴ ፊት ስለ ዋጋ እንዳታነሱ» እላለሁ። ለእሷ ደግሞ «ከወረዳ ናቸው፣ ቤት ሊለኩ ነው» አልኳት። አይ እኔ! ግማሽ ፒያሳ ፈርሶ ጎረቤት በየአቅጣጫው በተበተነበት ጊዜ፣ ለአሮጊት የሚነገር ሌላ ውሸት አጥቼ!

እናቴ ለገዢዎቹ ወንበር ትስብላቸዋለች። «ልጆቼ፣ እባካችሁ ትንሽ ጊዜ ስጡን» ትላቸዋለች። አንዱ ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ «ይሄማ ፈርሶ ነው እንደገና የሚሠራው» ሲል ሰማችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልበላላት አለ። አንድ ጠዋት ስገባ ብርጭቆዎቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ስትደረድር አገኘኋት።

«በድንገት ውጡ ቢሉን እንዳይሰበርብኝ ብዬ ነው» አለችኝ። «የት ይወስዱን ይሆን?»

እኔ ምን አልኩ? «ደግ አደረግሽ» አልኳት።

በሁለተኛው ወር ገዢ ጠፋ። ወንድሜ ሳይነግረኝ ደላላ ይዞ መጣ፤ ሸምገል ያለ፣ የኮቱ ክርን ያለቀ ሰውዬ። ገና ከበሩ «ዋጋውን የምንወስነው እኛ ነን፣ ይወቁት!» አልኩት። «እስቲ ካርታውን» ብቻ አለ። አገላብጦ አየው።

«በእናታችሁ ስም ነው። እሳቸው ይሸጥ ብለዋል?»

ወንድሜ ስለ ውክልናው ማስረዳት ጀመረ።

«እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው» አለው። «የግድግዳ ስንጥቅ በቁም ሳጥን ጋርጄ ቤት አሻሽጬ አውቃለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ባለቤቱ ሳያውቅ ግን አሻሽጬ አላውቅም። እናታችሁን አናግሩና ጥሩኝ።» ይህን ብሎ ሄደ። የታክሲ እንኳን አልጠየቀም።

በንዴት ጨስኩ። እኔን ደላላ ይምከረኝ! ግን ያለው እውነት ነበር። የእናቴ ክፍል ገባሁና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ በሽታዋን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ገዢዎቹን፣ የወረዳውን ውሸት። ስጨርስ ስለ ካንሰሩ አንድም ነገር አልጠየቀችም።

«ታዲያ ቤቴን የሚያፈርስ የለም?»

«የለም እማዬ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ሞትን እንዳትፈራ ብዬ ነበር የዋሸሁት። እሷ እቴ፣ ሞቱን ከቁም ነገርም አልጣፈችው።

በማግስቱ «አይሸጥም» አለች። ለመንናት፤ አለቀስንባት፤ የመስጊዱን ሽማግሌዎች ሳይቀር ላክንባት። «አገሬ፣ አልጋዬ ላይ» ብላ ድርቅ አለች። እንዳለችውም ሆነ። ውጭ ብንወስዳት ትድን ነበር ወይ እያልኩ ዛሬም እብሰለሰላለሁ፤ ይህን ማንም አይመልስልኝም።

ሐኪሙ ከነገረን ቀን አንስቶ የኖረችው ስምንት ወር ነው። ሁለቱን በፍርሃት ያስጨረስኳት እኔ ነኝ።