የፈታይዋ ስም

አጎቴ ከበግ ፀጉር የሸመኑትን ባና በቅዳሜ ገበያ ሲሸጡ፣ ሒሳቡን ከተቀበሉ በኋላ እንኳ ገዢውን ቶሎ አይለቁትም ነበር። የባናውን ጫፍ እንደያዙ፣ «ይህን የፈተለችው የገነተ ማርያሟ ይመኙሻል ናት። ብርዱ ሲጠና አስባት» ይሉታል።

ነፃ ገበያ በተባለ ዘመን፣ ነብር የታተመበት የውጭ ብርድ ልብስ ላሊበላን ሞላው። ርካሽ ነበር። ፈታዮቹም አንድ በአንድ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ተወዳደሩ!» ሲባል አጎቴ ተነሡና፣ «ሩጫውን አልጠላንም ጌቶቼ፤ መነሻችንን ብቻ አንድ አድርጉልን» አሉ። 

እኔ ተናድጄ ያንን ባለነብር ብርድ ልብስ ስረግም ግን ተቆጡኝ። «ተው! ይህንንም የፈተለች አለች። ስሟን የነገረን የለም እንጂ።»

ከአርባቸው በኋላ የመጨረሻውን ባና ይዤ ገበያ ወጣሁ። እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ባዶውን ነበር፤ መቀመጥ አልሆነልኝም፣ አጠገቡ ቆምኩ። ገዢው ከፍሎ ሊሄድ ሲል ጫፉን ያዝኩበት። የይመኙሻልን ስም ነገርኩት። ከዚያም እሳቸው በሕይወታቸው አንድም ቀን ያልተናገሩትን የሸማኔውን ስም ጨመርኩለት።

«ብርዱ ሲጠና እሳቸውንም ያስቧቸው» አልኩት።